በኮረብታማ ቦታ ብስክሌት መንዳት፦ የመንገድ ደረጃን ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኮረብታ ላይ ያለ የብስክሌት መንገድ ከነጂው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ችሎታና ጉልበት። የችሎታውን ልክ የሚወስነው ከመንገዱ ሁሉ የከፋው 50 ሜትር ነው፤ የቀረው 10 ኪሎ ሜትር ለስላሳ ቢሆንም ያ 50 ሜትር አይቀርም። የጉልበቱን ልክ የሚወስነው የዳገቱ ድምር ነው። ከታች ካሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚነሱት እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

በመንገዱ መግቢያ ላይ የተተከለው ምልክት ቀለሙ ምን ይነግረኛል?

በዋናነት የሚናገረው ስለ ችሎታ ነው። ስለ ርዝመትና ስለ ድካም ብዙም አይነግርዎትም። በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር (አይኤምቢኤ) ከበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች ምልክት ወስዶ ያዘጋጀው ነው።

አረንጓዴ ክብ፦ መንገዱ ቢያንስ 90 ሴ.ሜ ይሰፋል። አማካይ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ በጣም ቀጥ ያለው ቦታም እስከ 15 በመቶ ነው። ሊሸሹት የማይችሉት መሰናክል ካለ ከፍታው ከ5 ሴ.ሜ አያልፍም።

ሰማያዊ ካሬ፦ ስፋቱ እስከ 60 ሴ.ሜ ሊጠብ ይችላል። አማካይ ተዳፋቱ እስከ 10 በመቶ፣ የማይሸሹት መሰናክል እስከ 20 ሴ.ሜ።

ጥቁር ዳይመንድ (በሹል ጫፉ የቆመ ካሬ)፦ ስፋቱ 30 ሴ.ሜ ብቻ የሚሆንበት ቦታ አለ። አማካይ ተዳፋቱ እስከ 15 በመቶ፣ መሰናክሉ እስከ 38 ሴ.ሜ ይደርሳል። ወለሉ ልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ጥንድ ጥቁር ዳይመንድ ከሆነ ከዚህም ያልፋል፤ አማካይ ተዳፋቱ ብቻ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው።

ከሁሉም በታች ነጭ ክብ አለ። 180 ሴ.ሜ የሚሰፋ፣ ወለሉ የጠነከረ፣ ለማንም የሚሆን መንገድ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በብሪታንያ የሚሠራበት ደረጃ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር ነው። የሰሜን አሜሪካው ግን ቀይ የለውም። ስለዚህ አንዱ አገር ቀይ የሚባለው መንገድ ሌላው ጋ እንደ አስተዳዳሪው ፍርድ ወይ ወደ ሰማያዊ ወይ ወደ ጥቁር ይገባል። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ደግሞ ከኤስ0 እስከ ኤስ5 የሚሄድ ሌላ መለኪያ አለ፤ ኤስ0 ምንም እንቅፋት የሌለው ነው፣ ኤስ2 ላይ ደረጃ መሰል ድንጋዮችና ጠባብ ኩርባዎች ይጀምራሉ፣ ከኤስ3 በላይ ያለውን መሞከር ያለበት ልምድ ያለው ነጂ ብቻ ነው። የቱንም ያህል ልምድ ቢኖርዎት፣ አዲስ ቦታ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ዙር ከለመዱት ደረጃ አንድ ዝቅ ብለው ይንዱ። የዚያ ቦታ ሰማያዊ ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

መንገዱ አረንጓዴ ነው ተብሎ ለምን እንዲህ አደከመኝ?

ዳገቱ ስላልተቆጠረ ነው። አረንጓዴ መንገድ 400 ሜትር ሊያወጣዎት ይችላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያወጣ ብቻ ደረጃው ዝቅ ይላል።

ካርታ ላይ መፈለግ ያለብዎት ሁለት ቁጥር ነው፦ ጠቅላላ ርቀትና ጠቅላላ የዳገት ድምር። ተዳፋት ማለት የወጡት ከፍታ ለሄዱበት ርቀት ሲካፈል ነው። በ1 ኪ.ሜ ውስጥ 100 ሜትር ከወጡ 10 በመቶ ማለት ነው። በክብ መንገድ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዙሩ 12 ኪ.ሜ፣ የዳገቱ ድምር 360 ሜትር ነው እንበል። 360ን ለ12 ኪ.ሜ ካካፈሉ 3 በመቶ ይመጣል፤ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የመንገዱ ግማሽ ቁልቁለት ስለሆነ የሚወጡት በ6 ኪ.ሜ ውስጥ ነው። እውነተኛው የዳገት አማካይ 6 በመቶ ነው፣ በውስጡም 12 በመቶ የሚሆኑ ቁራጮች ይኖራሉ።

ለጊዜ ስሌት፣ ጀማሪ ነጂ በአፈር መንገድ በሰዓት 300 ሜትር ከፍታ ይወጣል ብሎ ማሰብ ደህና መነሻ ነው። የለመደ ሰው 500 እና 600 ይወጣል። የቁልቁለቱን ጊዜ ለብቻ ይደምሩ፤ ጀማሪ በቀጭን መንገድ ላይ ሲወርድ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪ.ሜ ነው የሚሄደው። ከላይ ላለው ዙር ከአንድ ሰዓት በላይ ለዳገቱ፣ ግማሽ ሰዓት ለቁልቁለቱ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ለማረፍና ለመንገድ መጠየቅ ይያዙለት።

ለመጀመሪያ ቀን የትኛው ይሻላል?

ከ8 እስከ 12 ኪ.ሜ የሆነ፣ የዳገቱ ድምር ከ200 ሜትር የማይበልጥ፣ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ያለ አረንጓዴ ክብ መንገድ። ዳገቱ በመጨረሻ የሚመጣበትን ይተዉት፤ ሲደክሙ መመለሻ አይኖርዎትም። በመሃል አቋራጭ መውጫ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ማለፍ እንደምችል በምን አውቃለሁ?

ስንት ጊዜ አረንጓዴ ነዱ የሚለው ጥሩ መመዘኛ አይደለም። የሚከተሉትን ሜዳ ላይ ይሞክሩ፤ ሁሉንም ሳይጨነቁ ካደረጉ ሰማያዊው ይጠብቅዎታል።

በእግር በሚሄድ ሰው ፍጥነት፣ 30 ሴ.ሜ ተራርቀው በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መካከል 10 ሜትር ሳይነኩ ይንዱ። ከሩጫ ፍጥነት ተነስተው፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዘው፣ የኋላው ጎማ ሳይንሸራተት ባሰቡት ቦታ ላይ ይቁሙ። ፔዳሎቹን አግድም አድርገው፣ ከኮርቻው ተነስተው ቆመው አንድ ደቂቃ ያህል በረባዳ መሬት ላይ ሳይረግጡ ይሂዱ፤ ጭንዎ ከተቃጠለ ረጅም ቁልቁለት ገና ነው። የፊት ጎማውን 10 ሴ.ሜ አንስተው አንድ እንጨት ላይ ያሳርፉ። በመጨረሻም 4 ሜትር በሚሰፋ ቦታ ውስጥ እግር ሳያወርዱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዙሩ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ያውም በአንዱ አቅጣጫ ብቻ። ሁሉም ሰው የሚቀናው ጎን አለው። ሰማያዊ መንገድ ላይ ያለው ጠባብ ኩርባ ግን የእርስዎን ጎን አይመርጥም፤ ስለዚህ ያልቀናዎትን ጎን እጥፍ ይለማመዱ።

ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ቆሞ ማየት የሥራው አካል ነው። መሰናክሉ ጋ ከመድረስዎ በፊት ወርደው፣ በእግር ሄደው፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን መስመር ይምረጡ፤ ብትወድቅ የት ነው የምታርፈው ብለውም ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ቋጥኝ ወይም ገደል ከሆነ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ነውር የለውም።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን እንዴት ልያዝ? የፊቱን ብይዝ አልገለበጥም?

የሚያስገለብጠው የፊት ፍሬኑ ብቻውን አይደለም። ክንድ ቀጥ ብሎ ደርቆ፣ ክብደት ወደ ፊት ተደፍቶ ሳለ ፍሬኑ በድንገት ሲጨበጥ ነው። የፊት ፍሬን የሚፈሩ ሰዎች የኋላውን ብቻ ይይዛሉ፤ ጎማው ይቆለፋል፣ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይቀንስም። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚዞር የኋላው ጎማ መሬቱን የሚጨብጥበት አቅም ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛው ከፊት የሚመጣው።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ከመውረድዎ በፊት ኮርቻውን ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ ዝቅ ያድርጉ። ፔዳሎቹ አግድም ይሁኑ፣ ተረከዝ ዝቅ፣ ጉልበትና ክርን እጥፍ፣ ዳሌ ከኮርቻው ትንሽ ወደ ኋላ። ክብደትዎ እግርዎ ላይ እንጂ እጅዎ ላይ አይሁን። ፍሬኑን በአንድ ጣት ይያዙ፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች መሪውን ይጭበጡ። የፍሬኑ እጀታ ለአንድ ጣት ርቆ ከሆነ በማስተካከያ ብሎኑ ያቅርቡት፤ ይህን ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከአዲስ ጎማ ይበልጣል።

ሲይዙ መጀመሪያ ቀስ ብለው ይጫኑ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማው ሲደርስ ያጥብቁ። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው፣ ከሥሩና ከእርጥብ ድንጋዩ በፊት ነው። እነሱ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ይልቀቁት፤ ጎማ ያለው መጨበጫ አቅም አንድ ነው፣ ወይ ለመቆም ወይ ለመታጠፍ ይውላል። እርጥብ ሥር ላይ ደግሞ በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው፣ በመስቀለኛ ይለፉት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለው ችግር ሙቀት ነው። ከነብስክሌቱ 90 ኪ.ግ የሚመዝን ነጂ 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 265 ኪሎ ጁል ይደርሳል፤ ወደ 0.8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ብዙው የሚገባው በሁለት ቀጫጭን የብረት ዲስኮች ውስጥ ነው። ፍሬኑን ሳይለቁ በትንሹ ይዘው ከወረዱ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም፤ ሸራው ይከስማል፣ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ እጀታውም እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅ ነው መፍትሔው። እጀታው መላላት ከጀመረ ይቁሙ፤ ዲስኩን በእጅ አይንኩት፣ ውሃም አያፍስሱበት፣ ሊጣመም ይችላል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የተጀመረው የቁልቁለት ውድድር «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የተባለው፣ በዚያ ዘመን የነበረው ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ፍሬን ቁልቁለቱን አንድ ጊዜ ሲወርዱ ብቻ ውስጡ ያለውን ግሪስ አቃጥሎ ስለሚጨርስና በአዲስ መሞላት ስለነበረበት ነው።

ከመንዳት በፊት የሸራውን ውፍረት ይመልከቱ። ከብረቱ በላይ የቀረው ሸራ 1 ሚ.ሜ ከደረሰ ይቀየር። አዲስ ሸራ ካስገቡ ሜዳ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ከደረሱ በኋላ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት እስኪወርዱ ድረስ 20 ጊዜ ያህል ይያዙት፤ ይህ ካልተደረገ ፍሬኑ ይጮኻል፣ ይደክማልም። የዘይቱን ዓይነት በተመለከተ፣ ለማዕድን ዘይት በተሠራ ፍሬን ውስጥ ዶት የሚባለውን ዘይት፣ ወይም በተቃራኒው፣ በፍጹም አይጨምሩ። ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይበላሻል።

ዳገት ላይ የኋላ ጎማዬ ይሽከረከራል፤ ቁጭ ስል ደግሞ የፊቱ ይነሳል።

ሁለቱም የክብደት ጉዳይ ናቸው። ቆመው ሲረግጡ ክብደቱ ከኋላ ጎማው ይነሳና በልቅ አፈር ላይ ይሽከረከራል። ወደ ኋላ ተደግፈው ሲቀመጡ ደግሞ የፊቱ ይቀልላል። መፍትሔው በኮርቻው ጫፍ ላይ ወደ ፊት ተጠግቶ መቀመጥ፣ ክርንን ወደ ታች ጥሎ ደረትን ወደ መሪው ማቅረብ ነው።

ማርሹ ከዳገቱ በፊት ይቀየር። ሰንሰለቱ በጉልበት ተወጥሮ ሳለ ማርሽ መቀየር ሰንሰለት ከሚበጥሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

የማርሹ ልክ ራሱ ብዙ ይወስናል። ፊት 32 ጥርስ፣ ኋላ 51 ጥርስ ያለው ብስክሌት በ29 ኢንች ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረግጡ በሰዓት 5 ኪ.ሜ ገደማ ነው። በ12 በመቶ ዳገት ላይ፣ ከነብስክሌቱ 90 ኪ.ግ ለሚመዝን ሰው፣ ከፍታውን ለማሸነፍ ብቻ 150 ዋት ያስፈልጋል። የኋላው ትልቁ ማርሽ 32 ጥርስ ብቻ ቢሆን ግን በዚያው አረጋገጥ 240 ዋት ይጠይቃል። ይህን ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሚችለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ጉልበት የለኝም» የሚሉ ብዙዎች የጎደላቸው ማርሽ ነው።

ሹል ኩርባ ላይ ሁልጊዜ እግሬን አወርዳለሁ። ምን ላድርግ?

ዓይንዎ የት ነው ያለው? አብዛኛው ሰው የሚያየው የፊት ጎማውን ወይም የሚፈራውን ገደል ነው፤ ብስክሌቱ ደግሞ ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። በውጭው ዳር በኩል ሰፋ አድርገው ይግቡ፣ ኩርባው መሃል ሳይደርሱ አገጭዎን ወደ መውጫው ያዙሩ፣ ትከሻም ይከተለዋል። ፍጥነቱ ከመግባትዎ በፊት ያለቀ ይሁን፤ በኩርባው ውስጥ የኋላውን ፍሬን በጣም ለስለስ አድርገው ቢይዙ ሚዛን ይጠብቃል፣ የፊቱን ግን ይተዉት። ሲወጡ ከሆነ ደግሞ ከመግባትዎ በፊት አንድ ማርሽ ያቅልሉ።

ምን ዓይነት ብስክሌት ይበቃኛል?

ለነጭና ለአረንጓዴ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ጎማው ከ2 ኢንች ያላነሰ ማንኛውም የተራራ ብስክሌት። ለሰማያዊ፣ የፊት ሾክ ያለውና የዲስክ ፍሬን ያለው፣ ጎማው 2.3 ኢንች አካባቢ የሆነ። ሙሉ ሾክ ያለው ብስክሌት ጥቁር መንገድ ላይ ዋጋውን ያወጣል፤ ከዚያ በታች ክብደቱና ጥገናው ነው የሚታይዎት። ጠጠር መንገድ የሚሆነው ባለ ጎባጣ መሪ ብስክሌት አረንጓዴውን በምቾት ይነዳል፣ ሰማያዊው ላይ ግን ነጂውን ይቀጣል።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ዳገቱን ያቀልላል እንጂ የመንገዱን ደረጃ አያወርድም። ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪ.ግ በላይ ስለሚመዝን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሚሸከመው ይበዛል፤ ጀማሪን ከችሎታው በላይ ወደሆነ ተራራ አናት ይዞት ሊወጣም ይችላል፣ መውረዱ ደግሞ የራሱ ነው። አንዳንድ መንገዶች ላይ ስለማይፈቀድ መግቢያው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ጎማዬን ምን ያህል ልንፋው?

ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን በብዙ ያነሰ። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ለመንዳት የታሰበ ምክር አይደለም። በጣም የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ መሬት አይጨብጥም።

ክብደቱ ከ70 እስከ 80 ኪ.ግ ለሆነ ሰው፣ በ2.3 ወይም 2.4 ኢንች ጎማ፣ የውስጥ ጎማ ለሌለው (ቲዩብለስ) ፊት ከ1.5 እስከ 1.6 ባር፣ ኋላ ከ1.7 እስከ 1.8 ባር መነሻ ይሆናል። የውስጥ ጎማ ካለው 0.2 ወይም 0.3 ባር ይጨምሩ። ፓምፑ በፒኤስአይ የሚያሳይ ከሆነ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በ0.1 ባር እየቀነሱ ይሞክሩ፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ድምፁን ከሰሙ አልፈዋል፣ መልሰው 0.1 ይጨምሩ።

የውስጥ ጎማ ባለው ላይ ነፋሱ ሲያንስ የሚከሰተው ብልሽት በሁለት ቀዳዳ ይታወቃል። ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካገኙ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ወይም ስባሪ ነው፤ የውጩን ጎማ ውስጡን በጣትዎ ቀስ ብለው ሳይዳስሱ አዲሱን አያስገቡ፣ እሾኹ እዚያው ይጠብቀዋል።

ለቲዩብለስ ጎማ በ29 ኢንች ልክ 100 ሚ.ሊ ያህል የማሸጊያ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ይደርቃል፤ በሞቃት አየር በሁለት ወር፣ በቀዝቃዛ እስከ ስድስት ወር። ጎማውን ሲነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ ደርቋል።

ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡ የውጩ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በ1,000 ሜትር ልዩነት የጎማዎ ግፊት 0.1 ባር ያህል ጨምሮ ይለካል። አየሩ በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ደግሞ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይካካሳሉ፤ በሸለቆው ሙቀት ተነፍቶ በማግሥቱ ማለዳ በዚያው ሸለቆ የሚነዳ ጎማ ግን መለካት አለበት።

ምን ምን ልያዝ?

አንድ የውስጥ ጎማ (ቲዩብለስ ቢሆንም)፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ፓምፕ፣ መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ ያለው ተጣጣፊ ቁልፍ፣ ከሰንሰለትዎ ዓይነት ጋር የሚገጥም ማያያዣ። ለ12 ማርሽ የተሠራ ማያያዣ ለ10 ማርሽ አይሆንም። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከነዱ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ። ሄልሜት፣ ሙሉ ጣት ያለው ጓንት፣ መነጽር። ከአናት ላይ ሲቆሙ ላብዎ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ቀላል ነፋስ የማያስገባ ልብስ። ስልክዎ ላይ ካርታውን አስቀድመው ያውርዱ፤ በኮረብታ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል።

ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም ማርሽ መቀየሪያው ቢጣመም ቤት እንዴት ልድረስ?

ሰንሰለት፦ የተጎዳውን ክፍል በመፍቻው ያውጡ፤ ሁለቱም ጫፍ ውስጠኛ (ጠባብ) ሰሌዳ ሆኖ መቅረት አለበት። ማያያዣውን ያስገቡ፣ በሰንሰለቱ ላይኛው በኩል እንዲሆን አዙረው የኋላውን ፍሬን ይዘው ፔዳሉን ጠንከር ብለው ይርገጡ፤ ጠቅ ብሎ ይገጥማል። ሰንሰለቱ አጥሯልና ኋላ ያለውን ትልቁን ማርሽ አይጠቀሙ፤ መቀየሪያውን ገንጥሎት ይሄዳል።

መቀየሪያውን የሚይዘው ትንሽ የብረት ጆሮ በመውደቅ ይጣመማል፤ ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ነው፣ ፍሬሙ እንዳይሰበር። ምልክቱ በቀላሉ ማርሽ ላይ መቀየሪያው የቸርኬውን ሽቦዎች መንካቱ ነው። ያን ማርሽ ትተው፣ መሃል ባለው ማርሽ ብቻ ቀስ ብለው ይመለሱ። በእጅ ለማቃናት የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሰብሩታል።

የጎማው ጎን ተቀዶ ከሆነ የውስጥ ጎማውን ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ በቀዳዳው ይወጣና ይፈነዳል። በተቀደደው ቦታ ከውስጥ በኩል ጠንካራ ላስቲክ፣ ወይም የታጠፈ የወረቀት ገንዘብ፣ ወይም የብስኩት ማሸጊያ አስደግፈው ነፋሱን ትንሽ አሳንሰው ይንፉ።

ከዝናብ በኋላ መንዳት ይቻላል?

የመሬቱ ዓይነት ይወስናል። አሸዋማና ጠጠራማ መሬት ውሃውን ያሳልፋል፤ በሰዓታት ውስጥ ይነዳል፣ እንዲያውም ከደረቀው ይልቅ ይጨብጣል። የሸክላ አፈር ግን ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ሰንሰለቱን ይበላል። ጎማዎ ከኋላዎ የሚታይ ቦይ እየቆፈረ ከሆነ ይመለሱ። ያ ቦይ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቀጣዩ ዝናብ ደግሞ በእሱ ውስጥ ይወርዳል፤ መንገድ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ጥሩ ሆነው የተሠሩ መንገዶች ከጎን ተዳፋቱ ግማሽ በላይ አይቀኑም፣ በየመሃሉም ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ውሃው እዚያ ላይ ወደ ዳር ይወጣል። ኮረብታውን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ካዩ ግን ውሃም እንደ እርስዎ ያንኑ መንገድ መርጧል። አፈሩ ታጥቦ ሥርና ድንጋይ ይቀራል፤ ምልክቱ የተተከለው ከዓመታት በፊት ከሆነ ደረጃው ዛሬ ከሚለው አንድ ከፍ ብሎ ያገኙታል። የኩሬ ጭቃ መሃል ላይ ሲያጋጥምዎ ዳሩን አይዙሩት፤ መንገዱን ያሰፋዋል። በመሃሉ ቀስ ብለው ይለፉ ወይም ይግፉ።

ረጅም ድርቅም የራሱ ጣጣ አለው። በጠንካራ ወለል ላይ የተረጨ ልቅ ጠጠር ከእርጥብ መሬት በላይ ያንሸራትታል፣ በተለይ ኩርባ ላይ።

መንገድ ለማን ነው የምሰጠው?

ለእግረኛና ለፈረስ ሁልጊዜ። ከሌላ ብስክሌት ጋር ሲገናኙ ደግሞ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል፤ በዳገት መሃል ያቆመ ሰው እንደገና መነሳት ይከብደዋል። አንድ አቅጣጫ ብቻ ተብሎ የተመለከተ መንገድ ከሆነ ግን ማንም በተቃራኒው አይግባ። ከፈረስ ጋር ሲገናኙ ከታች ባለው ዳር ይቁሙና በሰላምታ ድምፅዎን ያሰሙ፤ ድምፅ አልባ ብስክሌት ፈረስን ያስደነግጣል። መንገድ ላይ ለመቆም ሲፈልጉ ከኩርባ ማዶ አይቁሙ።

ልጆችን ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ነጭና አረንጓዴ መንገድ ላይ፣ ልጁ ሁለቱንም ፍሬን በጣቱ ደርሶ መያዝ ከቻለ። ይህን ቆመው ይፈትሹ፤ የልጆች ብስክሌት እጀታ ብዙ ጊዜ ለትንሽ እጅ ርቆ ነው የሚሸጠው። ርቀቱን እርስዎ ከሚነዱት ሲሶ ያድርጉት፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እርስዎ ከፊት ይሁኑ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ነው።

ወድቄ ራሴን መታሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል እችላለሁ?

ሄልሜቱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ወይም ራስዎን ካመመዎት፣ ካዞረዎት፣ ካቅለሸለሸዎት፣ የሆነውን ካላስታወሱ ወይም ንግግርዎ ከተደነባበረ አይቀጥሉ። ብስክሌቱን እየገፉ፣ ከሰው ጋር ሆነው ይውረዱ፣ ሐኪምም ይዩ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ያን ሌሊት ብቻዎን አይደሩ። የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም የሚያገለግለው ለአንድ ምት ነው።

አብሮዎት ያለው ሰው ከወደቀና አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አያንቀሳቅሱት። ከላይ ለሚመጡ ነጂዎች ከአደጋው 30 ሜትር ያህል ወደ ዳገቱ በኩል ብስክሌት ያቁሙ ወይም ሰው ይላኩ። ለእርዳታ ሲደውሉ የመንገዱን ስም፣ በአቅራቢያው ያለውን የቁጥር ምልክትና ስልኩ የሚያሳየውን የካርታ ነጥብ ይናገሩ፤ ኔትወርክ ከሌለ ወደ ሸንተረሩ ወጣ ይበሉ፣ ሸለቆ ውስጥ ከመፈለግ እዚያ ቶሎ ይገኛል።